ያለ ዕድሜ ስለ መውለድና ልጆችን አስቀድሞ ስለ ማስተማር

የጎጃም ገበሬ ወይፈኑን ትከሻው ሳይጠና ቀንበር አይጭንበትም። ጊደሪቱም ሰውነቷ ሳይጠነክር ብታረግዝ እንደምትጎዳ፥ ጥጃዋም ደካማ እንደሚሆን ያውቃል። ይህን ዕውቀት ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ከአያቱና ከአባቱ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ የከብት አያያዝ ጥበብ ነው። ነገር ግን የከብቱን ዕድሜ እንዲህ ጠንቅቆ የሚያውቀው አስተዋይ ሰው የገዛ ልጁን በዐሥራ ሁለትና በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ይድራታል፤ በዐሥራ አምስት ዓመቷ ምጥ ይዟት ስትጨነቅም ነገሩ የእግዚአብሔር ፈቃድ ብቻ ይመስለዋል። ለከብቱ የሚያደርገውን ጥንቃቄ ለልጁ የሚነሳት ስለሚጠላት አይደለም፤ እጅግ ስለሚወዳትና በሕይወቱ ሳለ ለወግ ለማዕረግ ሊያበቃት ስለሚሻ ነው። እንግዲህ ጉዳቱ ካለማወቅ የሚመጣ ከሆነ መድኃኒቱ ትምህርት መሆኑ ግልጽ ነው። የሚቀረው ጥያቄ ይህ ትምህርት ምን እንደ ሆነ፥ ለማንና መቼ መሰጠት እንዳለበት ለይቶ ማወቅ ነው።

በደብረ ማርቆስ ከተማና በዙሪያዋ፥ በጎዛምን፥ በማቻከል፥ በስናን፥ በአነደድና በባሶ ሊበን፥ እንደዚሁም በጮቄ ተራራ ግርጌ ባለው ደጋ አገር ሁሉ ዋናው የሠርግ ወራት ጥር ነው። እህሉ ከአውድማ ወደ ጎተራ ከገባ በኋላ፥ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሳይያዝ፥ ዳስ ይጣላል፥ ጠላ ይጠመቃል፥ ዘመድ ይጠራል። በሌሎች አገሮች ስለ ልጃገረዶች እርግዝና ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ከጋብቻ ውጭ የሆነው ነው። በዚህ አገር ግን አብዛኛው እርግዝና የሚመጣው በሽማግሌ ከታጨ፥ በወላጅ ከተመረቀ፥ በዘፈንና በእልልታ ከታጀበ ጋብቻ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ስታረግዝ ሰው ይደሰታል እንጂ አይደነግጥም፤ አደጋውም በደስታ ተሸፍኖ ሳይታይ ይቀራል።

ወላጆች ልጃቸውን ቀድመው የሚድሩበትን ምክንያት ሲጠየቁ የሚያቀርቡት ቃል በብዙው ስፍራ አንድ ዓይነት ነው። አንደኛው፥ ልጅቱ ሳትጠለፍና ክብረ ንጽሕናዋን ሳታጣ ለባሏ ትድረስ የሚል ፍርሃት ነው። ሁለተኛው፥ ከደኅና ቤተ ሰብ ጋር መዛመድና መሬትን ከመሬት፥ ከብትን ከከብት ማገናኘት ነው። ሦስተኛው፥ በሌላው ሰው ሠርግ የሰጡትን በልጃቸው ሠርግ መቀበል ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ «ቆማ ቀረች» የሚለው የጎረቤት ሐሜት ያስፈራቸዋል። አንዳንዱ ወላጅ ደግሞ ልጅቱ እስክትደርስ ድረስ ባሏ እንዳይነካት በሽማግሌ ፊት ቃል አስገብቶ ይድራታል። ነገር ግን ያ ቃል በሌሊት ሲፈርስ የሚያይ ሽማግሌም ሆነ ዳኛ የለም።

በ2008 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 19 ዓመት ከሆኑት ሴቶች ልጆች ከመቶ 13ቱ ወይ ወልደዋል፥ ወይ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል። ይኸውም በገጠር ከመቶ 15 ሲሆን በከተማ ከመቶ 5 ነበር። ምንም ትምህርት ካላገኙት መካከል ከመቶ 28 ሲሆኑ፥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ካገኙት መካከል ግን ከመቶ 12 ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። በአማራ ክልል ቁጥሩ ከመቶ 8 ያህል ነበር። ይህ ክልል ቀድሞ ልጆችን ያለ ዕድሜ በመዳር ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ስሙ ይጠራ ስለ ነበረ፥ ቁጥሩ እስከዚህ ድረስ ዝቅ ማለቱ የሚያስደስት ነው። የአባቶች ልማድ አይለወጥም የሚሉ ሰዎችም ይህን ሊያስተውሉት ይገባል። ሆኖም የተገኘው መሻሻል ጠባቂ ከሌለው ተመልሶ ሊጠፋ ይችላል፤ ከመቶ ስምንት የሚባሉትም እያንዳንዳቸው ስም ያላቸው፥ እናትና አባት ያላቸው ልጆች ናቸው።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፥ አንዲት ልጅ የወር አበባ ስላየች ብቻ ሰውነቷ ለመውለድ ደርሷል ማለት አይደለም። የዳሌዋ ዐጥንት ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት ያድጋል። ዐጥንቱ በሚገባ ሳይሰፋ ምጥ ቢመጣ የሕፃኑ ራስ መውጫ ያጣል፤ ምጡም ቀንና ሌሊት እየተፈራረቀ ይረዝማል። በዚህ ጊዜ ፈጥኖ የሚደርስ ሐኪም ከሌለ ሕፃኑ በማሕፀን ይሞታል፤ በሕፃኑ ራስና በእናቲቱ ዐጥንት መካከል የተጨነቀው ሥጋም ደም አጥቶ ይበሳል። ከዚያ ወዲያ ሴቲቱ ሽንቷን፥ አንዳንድ ጊዜም ዓይነ ምድሯን መቆጣጠር ይሳናታል። ይህ ፊስቱላ የሚባለው ሕመም ነው። ፊስቱላ ምጥ የረዘመባትን ሴት ሁሉ በማናቸውም ዕድሜ ሊያገኛት ቢችልም፥ ሰውነቷ ያልጠናውን ልጅ ግን ይበልጥ ያሰጋታል። ከዚህም ሌላ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉ እናቶች ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ይልቅ በእርግዝና ጊዜ ለሚያንፈራግጠው ሕመምና ከወሊድ በኋላ ለሚመጣው የማሕፀን ልክፍት የተጋለጡ ናቸው።

በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሐምሊን፥ በዚህ ሕመም ተጎድተው ከሰው ተለይተው ይኖሩ የነበሩትን ሴቶች አይተው በማዘን፥ በአዲስ አበባ ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል አቋቋሙ። ዶክተር ካትሪን በ2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው እስካረፉ ድረስ ኑሯቸው በዚሁ አገር ነበር። ከሆስፒታሉ ቅርንጫፎች አንዱ በባሕር ዳር ስለ ተከፈተ፥ የጎጃም ሴቶች አዲስ አበባ ድረስ ሳይደክሙ የሚታከሙበት ስፍራ አግኝተዋል። ይህ ትልቅ በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን የተበሳውን ሥጋ ሐኪም ሊሰፋው ቢችልም፥ የሞተውን ሕፃንና በኀዘን ያለፈውን የልጅነት ዘመን መልሶ የሚሰጥ ሐኪም የለም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

መንግሥት በሕግ በኩል የሚገባውን ደንግጓል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻን ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት እንዲሆን አዘዘ፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ አወጣ። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ያልደረሰች ልጅ የሚያገባውን ሰው፥ ልጅቱ 13 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፥ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በሎንዶን ከተማ በተደረገው ስለ ልጃገረዶች በመከረው ጉባኤም ኢትዮጵያ ያለ ዕድሜ ጋብቻን እስከ 2025 ድረስ ለማጥፋት ቃል ገብታ ነበር። ቀጠሮው አልፏል፤ ነገሩ ግን ገና አልጠፋም።

ሕጉ እንዲህ ጽኑ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ለምን ቀጠለ ቢባል፥ ሕግ የሚያየው የተገለጠውን ነገር ስለ ሆነ ነው። ሠርጉ እንዳይታወቅ የማኅበር ወይም የዝክር ድግስ ነው ተብሎ ይደገሳል፤ ወይም በታላቂቱ ሠርግ ታናሺቱ አብራ ትዳራለች። ስለ ዕድሜዋ ቢጠየቅም የልጅቱን የልደት ቀን በጽሑፍ ይዞ የሚገኝ ወላጅ ጥቂት ነው። የልደት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት የተወለዱት ልጆች ዕድሜያቸው የሚቆጠረው በግምት ነው። ስለዚህ ልቡ ያልተማረ ሰው ከሕግ የሚሸሽበትን መንገድ አያጣም፤ ጉዳቱን ያወቀ ሰው ግን ዳኛ ሳያዘው ራሱ ይከለከላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ ቢባል፥ ያ ትምህርት እስካሁን እንዳይሰጥ ያደረገው ኀፍረት ነው። በብዙ ቤት እናት ለልጇ እንጀራ መጋገርን፥ ጥጥ መፍተልን፥ ጠላ መጥመቅን ታስተምራታለች፤ ስለ ገዛ ሰውነቷ ግን አንዲት ቃል አትነግራትም። ልጅቱ የመጀመሪያውን የወር አበባ ስታይ የታመመች ወይም የተረገመች መስሏት በድንጋጤ ትደበቃለች። ፅንስ እንዴትና መቼ እንደሚያዝ ሳታውቅ ትዳራለች፤ ሆዷ ሲገፋም ምን እንደሚጠብቃት ሳታውቅ ወደ ምጥ ትደርሳለች። እናቲቱ ዝም የምትለው ጨዋ ስለ ሆነች እንደ ሆነ ይነገራል። ነገር ግን ልጅን ከአደጋ የማያድን ዝምታ እንዴት ጨዋነት ይባላል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ምሳሌ ለእናትና ለልጅም ይሠራል።

ስለዚህ ነገር ለልጆች ማስተማር ኃጢአትን ማስተማር ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባም፤ ልጆቻቸውን በንጽሕና ሊያሳድጉ ከማሰብ የመጣ ነውና። ሆኖም ሁለት ነገር ሊያስተውሉ ይገባል። አንደኛ፥ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 መመሪያ አውጥቶ በ2018 ባሻሻለው ጊዜ፥ በብዙ አገሮች የተደረገውን ጥናት መርምሮ፥ ይህን ትምህርት ማግኘት ልጆችን ቀድሞ ወደ ሩካቤ እንደማይገፋፋ አረጋግጧል። ሁለተኛ፥ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ስለ ሥጋ ነገር ዝም ብላ አታውቅም። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቅ ስትል፥ ሴት በግዳጇ ወራት ከቤተ መቅደስ ትቆይ ስትል፥ በጾምና በበዓል ባልና ሚስት ይታቀቡ ስትል፥ የሴትን ሰውነትና የመውለድን ነገር እየቆጠረችና እየለየች ትናገራለች። ስለ መከልከል ሲሆን በግልጽ የሚነገር ነገር፥ ስለ መጠበቅና ስለ ማዳን ሲሆን የሚያሳፍርበት ምክንያት የለም።

የሥነ ተዋልዶ ትምህርት የሚባለውም እጅግ የረቀቀ ነገር አይደለም። ልጅቱም ልጁም ሰውነታቸው ሲያድግ ምን እንደሚለወጥ፥ የወር አበባ ምን እንደ ሆነና በንጽሕና እንዴት እንደሚያዝ፥ ፅንስ እንዴት እንደሚያዝ፥ ያልጠና ሰውነት ቢያረግዝ ምን እንደሚደርስበት፥ ራስን በመግዛት መቆየት ጥቅሙ ምን እንደ ሆነ፥ ጋብቻ የፈጸሙትም የመጀመሪያውን ልጅ በመከላከያ መድኃኒት ማዘግየት እንደሚቻል ማወቅ ነው። ከዚህም ጋር አንዲት ልጅ ማንም ሰው ያለ ፈቃዷ ሊነካት እንደማይገባ፥ ወላጆቿ ሊድሯት ሲያስቡም ለመምህሯ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር እንደምትችል መማር ያስፈልጋታል። ይህ ሁሉ በአማርኛ፥ በጨዋ ቃልና ለልጆች ዕድሜ በሚስማማ መጠን ሊነገር የሚችል ነው።

ስለ ጊዜው ደግሞ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትምህርቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻ ቢሰጥ በገጠር ብዙዎቹ ልጃገረዶች እዚያ ሳይደርሱ ያመልጣቸዋል። ስለዚህ ዐሥር ዓመት ከሞላቸው ጀምሮ፥ ሽማግሌ ሳይላክባቸው አስቀድሞ ሊሰጣቸው ይገባል። ለወንዶች ልጆችም እንደዚሁ ነው፤ ነገ ባል የሚሆነው፥ ከነገ ወዲያም ልጁን የሚድረው እርሱ ስለ ሆነ። ልጅቱ ብቻ ተምራ አባቷ፥ እናቷና እጮኛዋ ካልተማሩ ግን የምታውቀውን ነገር የምትፈጽምበት ሥልጣን አይኖራትም። አደጋውን እያወቀች ወደ አደጋው የምትነዳ ልጅ ኀዘኗ ይበዛል እንጂ አትድንም።

ይህ በሐሳብ ብቻ የሚነገር እንዳይመስል በጎጃም ውስጥ የተሠራውን ሥራ መመልከት ይጠቅማል። በምዕራብ ጎጃም፥ በይልማና ዴንሳ ወረዳ፥ ሞሰቦ በምትባለው ቀበሌ በ1996 ዓ.ም. ብርሃነ ሔዋን የተባለ ሥራ ተጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ተሞከረ። መንግሥትና የውጭ አገር ረድኤት ሰጪዎች ተባብረው፥ ልጃገረዶችን ከዚያው ከቀበሌው በተመረጡ ሴቶች መሪነት በማኅበር አሰባሰቧቸው። ፊደልና ሒሳብ፥ የእጅ ሥራና የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ተሰጣቸው፤ ለተማሪዎቹ ደብተርና እርሳስ ታደላቸው፤ ወላጆችና ሽማግሌዎችም በየጊዜው እየተሰበሰቡ ስለ ጉዳዩ ይነጋገሩ ነበር። ልጅቱን ሳይድር እስከ መጨረሻው በትምህርት ላቆየ ቤተ ሰብም ፍየል ወይም በግ በሕዝብ ፊት ይሸለም ነበር።

ፍሬውም ታየ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጃገረዶች፥ ሥራው ካልደረሰበት ቀበሌ እኩዮቻቸው ጋር ሲመዛዘኑ፥ ለጋብቻ የመዳረጋቸው ነገር ወደ አንድ ዐሥረኛ ያህል ዝቅ አለ፤ በትምህርት ቤት የመገኘታቸውም ነገር ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። ያገቡትም የወሊድ መከላከያን ይበልጥ ተጠቀሙ። እውነቱን ለመናገር፥ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ ጋብቻው አልቀነሰም፤ እንዲያውም ከሌላው ቀበሌ በልጦ ተገኝቷል። ሥራው ሠርጉን ጥቂት ዓመታት አዘገየው እንጂ እስከ 18 ዓመት ድረስ አላደረሰውም። ሆኖም ለአንዲት የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጥቂት ዓመት ማለት ዐጥንቷ የሚጠናበትና ፊደል የምትለይበት ጊዜ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ልጅቱና ቤተ ሰቧ አብረው ሲማሩ፥ ድኻው ወላጅም ልጁን በማቆየቱ ጥቂት ጥቅም ሲያገኝ፥ ልማድ ይለወጣል።

በጎጃም ይህን ትምህርት ወደየቤቱ ለማድረስ ከማንም ይልቅ ቅርብ የሆነ ሰው አለ፤ እርሱም የንስሐ አባት ነው። መምህር ወደማይደርስበት ቤት የንስሐ አባት ይደርሳል፤ ለባለ ሥልጣን የሚደበቀው ነገር ለእርሱ አይደበቅም። ጠበሉን ሊረጭ፥ ቤቱን ሊባርክ ሲገባ «ይህች ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ሳትደርስ ብትዳርም ቡራኬ እንደማይሰጥ ቢናገር፥ ቃሉ ከብዙ ማስጠንቀቂያ ይልቅ ይሰማል። የክርስትና እናት ዕድሜዋን ታውቃለች፤ ክርስትና የተነሣችበትን ዓመት መመስከር ትችላለች። የዲያቆናት ጋብቻም ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል ማግባት ሥርዓት ስለ ሆነ፥ ወላጆቹ እጅግ ልጅ የሆነችውን የመምረጥ ልማድ አላቸው። ሥርዓቱ ግን ድንግልናን ይጠይቃል እንጂ ሕፃንነትን አይጠይቅም። ካህናት በራሳቸው ቤት አብነት ከሆኑ ሕዝቡ ይከተላቸዋል።

ሌላም መዘንጋት የማይገባው ወገን አለ። ከገጠር መጥተው በደብረ ማርቆስ ከተማ ቤት ተከራይተው፥ ስንቅ ከወላጅ እየመጣላቸው የሚማሩ ልጃገረዶች፥ እንደዚሁም ከማይፈልጉት ባል ሸሽተው ወደ ከተማ የገቡና በሰው ቤት ወይም በጠላ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ልጆች፥ መካሪና ጠባቂ የላቸውም። ባለማወቅ ወይም በግድ ያረገዘችው ተማሪ ትምህርቷን ትታ ወደ አገሯ ለመመለስ ታፍራለች፤ ያሳሳታት ሰው ግን ምንም አይጠየቅም። ትምህርት ቤቶች ለእነዚህ ልጆች የምታማክር ሴት መምህር ሊመድቡ፥ የወለደችውንም ልጅ በኀፍረት ከማባረር ይልቅ ወደ ትምህርቷ ሊመልሷት ይገባል።

ይህ ሁሉ በይደር የሚቀመጥ ጉዳይ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀው ቆይተዋል። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ልጅቱ ወደ ቤት ትገባለች፤ ቤት ስትውልም ወላጆቿ ደርሳለች ብለው ሽማግሌ ይቀበላሉ። በብዙ ዓመት ድካም ዝቅ ያለው ቁጥር በጥቂት የጥር ወራት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሰላምን መመለስና የትምህርት ቤትን ደጅ መክፈት ራሱ ልጃገረዶችን ከሞት የማዳን ሥራ መሆኑን ወገን ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ትምህርት ቤቱ እስኪከፈትም ድረስ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፥ የሴቶች ማኅበራትና የንስሐ አባቶች ትምህርቱን በየመንደሩ እንዳይቋረጥ ቢያደርጉት፥ የትምህርትና የጤና መሥሪያ ቤቶችም ለዚህ የሚሆን በቀላል አማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ቢያድሉ፥ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ልጆችን ያድናል።

የዘንድሮው ሠርግ ሳይደገስ፥ ጌሾው ሳይወቀጥ፥ እያንዳንዱ አባት ልጁን ጠርቶ ዕድሜዋን ይቁጠር፤ እናቲቱም ከምድጃው አጠገብ አስቀምጣ ስለ ሰውነቷ የሚገባውን ትንገራት። ከብቱን ሳይጠና የማይጠምድ ሕዝብ ልጁን ሳትጠና ለምጥ አሳልፎ መስጠቱ እስኪያበቃ ድረስ፥ መምህር በትምህርት ቤቱ፥ ካህን በዐውደ ምሕረቱ፥ ሐኪምም በጤና ጣቢያው ስለዚህ ነገር ከመናገር ሊያርፉ አይገባም።